ጨው ያልነካው ድስት

የላምባ ሽታ ነበር። ኦርፌሊንዳ ታፑዪማ ወጣትነቷን ባሰበች ቁጥር ቀድሞ አፍንጫዋ ላይ የሚደርሰው ያን ሰሞን ደጃፏ ላይ ያብብ የነበረው የሎሚ ዛፍ መዓዛ አይደለም፤ የሠርጓ ድግስ ጠረንም አይደለም። ላምባ ነው። ባሏ ሴጉንዲኖ ጎሕ ሲቀድ ከሥራ ይመለስና ደጅ ያለው ጉቶ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያሻል። በሳሙና ያሻል፤ በአመድ ያሻል፤ በሎሚ ልጣጭ ያሻል። ሽታው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ እንግዳ ነበር፤ አንዴ ገብቶ ከተቀመጠ አይወጣም። ብርድ ልብሱ ላምባ ይሸታል፤ በር ላይ የተሰጣው ሸሚዝ ላምባ ይሸታል፤ ሕፃኑ ልጃቸው ኔይሰር እንኳ ታቅፈው ሲስሙት ላምባ ላምባ ይል ነበር።

ያን ጊዜ የዋያጋ ወንዝ ሸለቆ ሰው ኑሮው ሁሉ አደንዛዥ ዕፅ የሚወጣው የኮካ ተክል ነበር። በቆሎው ተነቀለ፣ ጥጡ ተነቀለ፣ ኮካ ተተከለ። ቅጠሉን ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይዘፈዝፉታል፤ ላምባ ያፈሱበታል፤ ኖራና አሲድ ይጨምሩበታል፤ ከዚያ ጎረምሶች በባዶ እግራቸው ገብተው ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው ሲረግጡት ያድራሉ። መጨረሻ ላይ የሚዘቅጠው ነጣ ያለ ነገር «ሊጥ» ይባላል። ሊጡን ገዢዎች በትንንሽ አውሮፕላን ጭነው ይወስዱታል። ወዴት እንደሚሄድ ሸለቆው አይጠይቅም፤ አውሮፕላኑም አይናገርም።

ሴጉንዲኖ ከረጋጮቹ አንዱ ነበር። የእግሩ ቆዳ እንደ ድንች ልጣጭ ይላላጥ ነበር።

«ሴጉንዲኖ፣ እግርህ እኮ ሊያልቅ ነው» ትለዋለች።

«እግሬ ቢያልቅ በጉልበቴ እረግጣለሁ። አንቺ ብቻ ቆርቆሮ ቤት ግቢልኝ።»

ቆርቆሮው መጣ። ዝናብ ሲጥል እንደ ከበሮ የሚመታው ያ አዲስ ጣሪያ የሰፈሩ መነጋገሪያ ሆነ። ሴጉንዲኖ ግን ከሥሩ ብዙ አልተኛበትም፤ ወንዙ በሞላበት ወራት ታንኳው ተገለበጠና ሬሳው ከታችኛው መንደር ተገኝቶ መጣ። ኦርፌሊንዳ ልጇን በስፌት አሳደገች። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ሆና ቀን ከሌት ትንጫጫለች፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ፣ የክርስትና ቀሚስ፣ የሟች መገነዣ፣ ያመጡላትን ሁሉ ትሰፋለች። ኔይሰር ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምር አንድ ማለዳ ከደጅ ጉቶ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ አገኘችው። ሽታው ከመድረሷ በፊት ደረሰባት። ምን ትበል? ያን ጣሪያ ያቆመው ይኸው እግር ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በአባቱ ዘመን ረጋጮች በጥሬ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። በልጁ ዘመን አሠሪዎቹ ገንዘብ ሲያጥራቸው በሊጥ መክፈል ጀመሩ፤ ሊጡን ከትምባሆ ጋር ጠቅልሎ ማጨስም የረጋጮች ልማድ ሆነ። ሊጥ ማጨስ እንደ መጠጥ አይደለም። ጠጪ ሲጠጣ ይጠግባል፤ ይተኛል። ሊጥ አጫሽ ጥጋብ አያውቅም። አንዱ ሳይጠፋ ሌላውን ያሰኘዋል፤ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ዓይኑን በር በር ያሳየዋል፤ የገዛ ጥላው ፖሊስ ይሆንበታል። ኔይሰር ከሳ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ የሚያወራው ፈጠነ። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ጠፉ። ከዚያ የስፌት መኪናዋ ጠፋች፤ ኦርፌሊንዳ ለጎረቤት «ሰረቀኝ» አለች። ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ማጀቷ ውስጥ ቆማ ሰማይ አየች። ቆርቆሮው ተነቅሎ ሄዷል። ያን ምሽት ዘነበ። አልጋዋን ወደዚህ ብትጎትተው፣ ወደዚያ ብትጎትተው ዝናቡ አልጋዋን ያውቀው ነበር።

ከታራፖቶ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ጥግ፣ ሊጥ የያዛቸውን ሰዎች በሐረግ የሚያክሙበት ግቢ እንዳለ የነገረቻት ቅጠል ሻጭ ጎረቤቷ ናት። አያዋስካ የሚሉትን ሐረግ ከሌላ ቅጠል ጋር ቀቅለው የሚያጠጡት፣ በዚያ አገር አያት ቅድመ አያት የሚያውቀው መራራ መድኃኒት ነው። ኦርፌሊንዳም ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለች አባቷ ዓይነ ጥላ ይዞታል ተብሎ ሲጠጣ አይታለች። ለሊጥ መድኃኒት ይሆናል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ሄዳ ለመነች። ግቢው እሺ አለ፤ ልጁ እንቢ አለ። «እኔ እብድ ነኝ እንዴ? ሐረግ የሚጠጣ እሱ ዝንጀሮ ነው» ብሎ ሳቀባት። ግቢው በዚያን ሳምንት የወጥ ቤት ሴት ይፈልግ ስለነበር ኦርፌሊንዳ በዚያው ቀረች። ሰፈርተኛው «ልጅ እንቢ ቢል እናት ታከመች» እያለ ተሳለቀ። እሷ ግን በልቧ አንድ ነገር ይዛለች፤ በሩ አጠገብ ከተቀመጥኩ አንድ ቀን መጥቶ ያንኳኳል።

ባለመድኃኒቱ ዶን አኪሊኖ ሳንጋማ የላማስ ተራራ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ። ሕክምናው በሦስት ነገር ይቆማል ይሉ ነበር፤ በማስመለሻው ቅጠል፣ በሐረጉ፣ በጾሙ። ቅጠሉ ሆድን ያጥባል። ሐረጉ ሰውየውን ራሱን ያሳየዋል። ጾሙ ያየውን ያጸናለታል። ጾመኛው ከጅረቱ ማዶ ባለ ጎጆ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሰው አያይም፤ ወሬ አይሰማም፤ የሚጠጣው የተክል ሥር ውሃ፣ የሚበላው የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝና ሩዝ ብቻ ነው። ስኳር የለም፤ ቃሪያ የለም፤ የአሳማ ሥጋ የለም፤ ከሁሉ በላይ ጨው የለም። ጨው የነካው ጾመኛ ተክሉ ይሸሸዋል። የጾሙ ጊዜ ሲያበቃ ባለመድኃኒቱ ራሳቸው ዘፍነው ቁንጥር ጨው ምላሱ ላይ ያኖሩለታል፤ ያኔ ጾሙ ተፈታ ይባላል። ጾሙ ሳይፈታ የወጣ ሰው ግን ተክሉ ይዞርበታል። በታራፖቶ ገበያ ሳይፈታ የወጣ ነው እየተባለ የሚጠቆም አንድ ሰው ነበር፤ ከመብራት ምሰሶ ጋር ሲከራከር ይውላል።

ከከተማ እየመጣች የሕመምተኞቹን ልብና የደም ግፊት የምትለካው ሐኪም ስለ ጨው ስትጠየቅ ትከሻዋን ትሰብቃለች። «ስለ ተክሉ አላውቅም። ብቻውን ተቀምጦ ከራሱ ጋር መዋሉ ግን ይጠቅመዋል» ትላለች። ከዶን አኪሊኖ ጋር ተከራክረው አያውቁም።

ኦርፌሊንዳ የእጇ ጣዕም የተመሰከረላት ሴት ብትሆንም ጨው የሌለው ምግብ ማብሰል እንደ አዲስ ተማረች። ሁለት ምድጃ አላት፤ በግራ በኩል የሠራተኞቹ ድስት፣ በቀኝ በኩል ጨው ያልነካው የጾመኞች ድስት። ምግቡን ወደ ጎጆዎቹ የሚያመላልሰው አበልጇ ሮዜንዶ ነው፤ የመጨረሻ ልጁን ክርስትና ያነሳችለት።

«አበልጄ» ይላታል ድስቱን እያሸተተ፤ «ይህን ምግብ ለወህኒ ቤት ብንልከው እኮ አገር ላይ ወንጀለኛ አይቀርም!»

«አንተ ደግሞ ምላስህን ብንቀቅለው ጨው አያስፈልገውም ነበር» ትለዋለች።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ኔይሰር መጣ። ማንም አልጠራውም። በግቢው በር ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ተገኘ፤ ጫማ የለው፣ ቁምጣው በገመድ ታስሯል። ኦርፌሊንዳ ስታየው የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። ዶን አኪሊኖ ወደ ማጀት መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«እቀበለዋለሁ። ግን አንቺ አታበስዪለትም፤ ጾም ከገባ በኋላ አጠገቡም አትደርሺም። የእናት እጅ ባይጨምርም ጨው አለበት።»

«እሺ ዶን አኪሊኖ። ያሉኝን ሁሉ።»

«የምለውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ አልኩዎት እኮ።»

ስለዚህ የልጇን ሙዝ የሚቀቅለው ሮዜንዶ ራሱ ሆነ፤ እሷ ምድጃውን ጀርባ ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች።

ሐረጉን የጠጣበትን ምሽት ኦርፌሊንዳ አትረሳውም። ሕመምተኞቹ ከሣር ጣሪያው ዳስ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ መብራት ጠፋ። እሷ ከማጀቷ ጨለማ ውስጥ ሆና ጆሮዋን ጣለች። የዶን አኪሊኖ ዘፈን ቀጭን ነበር፤ ቃሉ አይለይም፤ በቅጠል ነዶ እየመቱ ያጅቡታል። ከዚያ ማስመለስ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ኔይሰር ነው። ተነስታ በሩን ያዘች። ልቅሶው ወደ ጩኸት ተለወጠ፦ «አቁሙ! በቃ አቁሙ!» ይላል። ዘፈኑ አልቆመም፤ ይልቁን ወደ ልጁ ተጠጋ፤ ቀጠነ፤ ቀዘቀዘ። ጩኸቱም አብሮት ቀዘቀዘ። ኦርፌሊንዳ የበሩን እንጨት ስትለቅ ጥፍሯ ሥር ስንጥር ገብቶ ነበር።

በማግሥቱ ኔይሰር ከውሃ ገንዳው አጠገብ አገኛት። ያን ጊዜ ገና ጾም አልገባምና መነጋገር ይችሉ ነበር። ፊቱ አብጧል፤ ዓይኑ ግን ቆሟል፤ አይቅበዘበዝም።

«እግር ብቻ አየሁ» አላት። «ጉድጓዱ ውስጥ፣ ሰው የሌለው እግር። የሚረግጥ። ከመካከሉ የእኔን ሁለቱን ለየኋቸው። ቁሙ ስላቸው አይሰሙኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሽማግሌው በዘፈኑ ‹የማን እግር ነው?› ያለኝ መሰለኝ። የእኔ ነው አልኩ። ቆሙ።» ከገንዳው ውሃ ዘግኖ ፊቱን አበሰ። «እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት ስነቃ ሊጥ አላማረኝም። ከስንት ጊዜ በኋላ!»

ይህን ለዶን አኪሊኖ ስትነግራቸው ፈገግ አላሉም። «አምሮቱ አልሄደም፤ ከደጅ ወጥቶ ተቀምጧል። በሩን የሚዘጋው ጾሙ ነው» አሉ።

ኔይሰር ጾም ገባ። የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል የዋለው እሱ ከጅረቱ ማዶ ሳለ ነው።

በዚያ አገር በመጥምቁ ዮሐንስ ቀን ቤት የሚቀር ሰው የለም። ሩዝና ዶሮ በሰፊ ቅጠል ታስሮ የሚቀቀለው ኹዋኔ የተባለው ምግብ በየቤቱ ይዘጋጃል፤ ሰው ሁሉ ይዞ ወንዝ ይወርዳል፤ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል። ዶን አኪሊኖ ግን ከዋዜማው እኅታቸው ሞታ ወደ ላማስ ወጥተዋል። ሐኪሟ ለበዓል ከተማዋ ናት። ሮዜንዶ ጠዋት የኔይሰርን ሙዝ ቀቅሎ ምድጃው ላይ ትቶ፣ «አበልጄ፣ አንዴ ጠልቄ ልመለስ፤ ከዚያ አደርስለታለሁ» ብሎ ወረደ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሮዜንዶ የለም። ፀሐይ ዘመም አለች። ከበሮው ከወንዝ ዳር እየጨመረ መጣ፤ ሮዜንዶ የለም። ድስቱ በረደ።

ኦርፌሊንዳ አንድ ቀን ሳይበላ የዋለ ጾመኛ እንደማይሞት ታውቃለች። እንዲያውም ዶን አኪሊኖ ራሳቸው አንዳንዴ ያስርቧቸዋል። ታውቃለች፤ ግን አወቀች አላወቀች ሆዷ አልቻለም። እንደ ሮዜንዶ ጎጆው ደጅ ያለው ጉቶ ላይ አኑሬ፣ በጭልፋ ድስቱን መትቼ እመለሳለሁ፤ ቃል አልተነፍስም፤ አለች። ድስቱን በጨርቅ አንጠልጥላ በግንዱ ድልድይ ጅረቱን ተሻገረች።

ጎጆው ሦስት ወገኑ በሣር የተከለለ፣ በሩ ላይ ጨርቅ የተጋረደበት ነው። ድስቱን ከጉቶው ላይ አኖረች። መታች። ዞረች።

«ሮዜንዶ እንዲህ አይመታም» አለ ከውስጥ።

እግሯ ተተከለ።

«አንቺ ነሽ አይደል? ኮቴሽን አውቀዋለሁ፤ ግራ እግርሽን ትጎትቻለሽ። እማዬ!»

ከንፈሯን ነከሰች።

«ዝም አትበይኝ! ከዛፍ ጋር ሳወራ ነው የከረምኩት፤ አንቺም ዛፍ ልትሆኚብኝ ነው?»

«ብላና ተኛ» አለች፤ ቃሉ ሳታስበው አመለጣት።

«ምኑን ልብላ? ሙዝ! ያ ከበሮ ይሰማሻል? መላው አገር ኹዋኔውን እየፈታ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። እኔ እንደ እስረኛ ሙዝ!»

መጋረጃው ተገለጠ። ጢሙ አድጓል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ኦርፌሊንዳ ያየችው ግን ከኋላው ወለሉ ላይ ያለውን ነገር ነው፤ ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ጓዜ ነው።»

«የት ልትሄድ?»

«ዛሬ ትልቁ ድልድይ ጋ የበዓል መኪና አለ። ወደ ሸለቆ የሚመለስ። ሲሄድ ጥሩምባ ይነፋል፤ ከዚህ ይሰማል። ስሰማው እወጣለሁ።»

«ዶን አኪሊኖ ሳይፈቱልህ? ኔይሰር! የገበያውን ሰውዬ ረሳኸው?»

«ለዚህ አይደል የምለምንሽ!» ተንበረከከ፤ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። «ጨው አምጪልኝ፤ አንቺ ፍቺልኝ። ምን ጥበብ ይፈልጋል? ቁንጥር ጨው ምላስ ላይ ነው። በዚህ ግቢ ካንቺ በላይ ጨው የሚያውቅ አለ?»

«እኔ ዘፈኑን አላውቅም። የእኔ አይሆንም።»

«እንግዲያው ሳይፈታ እሄዳለሁ። ከምሰሶ ጋር ስጣላ ሲያሳዩሽ፣ ‹የእኔ ልጅ ነው፤ ቁንጥር ጨው ነፍጌው› በያቸው።»

ተመልሳ ጅረቱን ስትሻገር ግንዱ ከእግሯ በታች የሚዞር መሰላት። ነገሩ በሁለቱም በኩል ስለት ነው። ካልሰጠችው ጾሙ እንደታሰረ ይወጣና ተክሉ ይዞርበታል። ከሰጠችው ሕክምናው በገዛ እጇ ይፈርሳል። ግን መሄዱ ካልቀረ፣ መቼስ ካልቀረ፣ ተፈትቶ ቢሄድ አይሻልም? ቢያንስ አእምሮውን ይዞ ይሄዳል። ደግሞ ቤት ይደርስ ይሆናል፤ ተኝቶ ይነሳ ይሆናል። እናት ምክንያት ስትፈልግ ምክንያት አይጠፋባትም።

ማጀት ገብታ የጨዉን ገንቦ ከፈተች። ቁንጥር አልበቃ አላት፤ መጠኑ ጠፋባት፤ በእፍኝ ዛቀችና በቅጠል ቋጠረችው። ዞር ስትል ሮዜንዶ በር ላይ ቆሟል። ፀጉሩ እርጥብ፣ ዓይኑ ቀይ፣ ትንፋሹ የሸንኮራ አረቄ።

«አበልጄ! ልጁን... ሙዙን... አሁን ላደርስ ነበር እኮ።»

«ደርሷል። ሂድ ተኛ።»

«ምን ይዘሻል?»

«ቅጠል።»

«ቅጠልማ ቅጠል ነው።» ጣቱን አነሳ፤ ሊመክራት ይመስላል። «ቅጠል ጥሩ ነው፣ አበልጄ። ቅጠልን አክብሪ።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠና አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ኦርፌሊንዳ ለአፍታ ቀስቅሺው፣ ይምከርሽ፣ ይከልክልሽ የሚላት ነገር ነበር። ማንኮራፋት ጀመረ። ወጣች።

በዚህኛው ጉዞዋ ጎጆው ደጃፍ ላይ አልቆመችም፤ ድስቱን ከነጭልፋው ከጉቶው አንስታ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ወለሉ ላይ አኖረችው። ኔይሰር ጓዙ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያርገፈግፋል። ድስቱን አላየውም። ፊቷንም አላየም። የተጨበጠውን እጇን ነው ያየው።

«አመጣሽው» አለ በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ ንገረኝ። ከዚህ ወጥተህ ወዴት ነው?»

«ቤት።»

«ቤት ማን አለ?»

«ማንም። ቆርቆሮውን እመልሳለሁ። ሥራ እይዛለሁ። እማዬ፣ መኪናው ሊነሳ ነው፤ አትዘግዪ፤ ስጪኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ሥራ ነዋ! ምን ታደርቂኛለሽ?» ተነሳ። ወሬው ፈጥኗል፤ ምላሱ ከንፈሩን ይልሳል። «ምናባቱ ነው ጨው! ወርቅ ጠየቅኩሽ? የስፌት መኪናሽን ስጪኝ ስልሽ አልሰጠሽኝም? ‹ሰረቀኝ› ትያለሽ ለሰው። ማነው የሰረቀሽ? አለቀስኩና ሰጠሽኝ! አንዱን ጫፍ ራስሽ ይዘሽ እስከ አውራው መንገድ አብረን ነው የተሸከምናት። ያን ያህል ብረት ያነሳ እጅ ዛሬ ጨው ከበደው?»

ከወንዙ በኩል ርችት ፈነዳ። ወፎች ከዛፉ ተነሡ።

ኦርፌሊንዳ ፊቱን አየችው። ያን ቀንም እንዲህ ነበር ያየው፤ እሷን ሳይሆን የስፌት መኪናዋን። ያን ቀንም የሚሳፈርበት መኪና ሊያመልጠው ነበር። ያን ቀንም «መጨረሻዬ ነው» ብሏል፤ እሷም አምናው ሳይሆን ልቅሶውን መስማት ስላልቻለች ጫፏን ይዛ ተሸከመች።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ የሰጠሁህ። ስሰጥህ ስሰጥህ ነው እዚህ የደረስነው።»

«እንግዲያው የዛሬውን ጨምሪበት!»

እጁን ሰደደ። ቅጠሉን ፈታችው፤ እሱ ሊቀበላት መዳፉን ሲዘረጋ እሷ የራሷን መዳፍ ወደ አፏ አነሳችና ያን ሁሉ እፍኝ ጨው ጎረሰችው።

«እንዴ!» አለ። «ምን አደረግሽ? እማዬ!»

መዳፏን ላሰች። አንድ ፍሬ አላስተረፈችም። ጨዉ ድዷን አቃጠለው፤ ጉሮሮዋ ታነቀ፤ እንባ ከሁለት ዓይኗ ወረደ። ኔይሰር ጉንጮቿን በሁለት እጁ ያዘ።

«ትፊው! ትሞቻለሽ፤ ትፊው እኮ ነው የምልሽ! አንቺ ሴትዮ አብደሻል?»

ራሷን ነቀነቀች። ጥርሷን ገጥማ ዋጠች። እንደገና ዋጠች። ሰውነቷ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ጉንጯን የያዙት ጣቶቹ ላሉ። የሆነ ድምፅ አወጣ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም።

«እፍኝ ሙሉ!» አለ። «እፍኝ ሙሉ ጨው!»

ከድልድዩ በኩል ጥሩምባው ተነፋ።

ሁለቱም ሰሙት። ኔይሰር ወደ በሩ ዞረ። ጓዙን በገመዱ አነሳው። ኦርፌሊንዳ ከመንገዱ ዞር አለች፤ እጇን አልዘረጋችም፤ መናገርም አትችልም። ደጃፉ ባዶ ነው፤ የሚያግደው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ናት። ጥሩምባው ደገመ፤ ረዘም አድርጎ። ልጁ በገመዱ ላይ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይጨብጣል። ደረቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ላቡ ከአገጩ ጠብ አለ። ከዚያ እሷን አየ፤ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጨው ደርቋል፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል፤ ሆዷን ይዛለች። እጇን አይደለም ያየው፤ እሷን።

ጓዙን ለቀቀው። ተቀመጠበት። ድስቱን በእግሩ ወደ ራሱ ጎትቶ ክዳኑን አነሳና የበረደውን ሙዝ በእጁ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ጭቃ እንደሚያኝክ ሰው አኘከው። ጥሩምባው ለሦስተኛ ጊዜ ተነፋ፤ አሁን ከራቀ ቦታ ነው፤ ሞተሩ ዳገቱን ሲይዝ ተሰማ። ኔይሰር ማኘኩን አላቆመም፤ ዓይኑን ከድስቱ አላነሳም፤ ጉልበቱ ግን እንደተርገፈገፈ ነው።

ኦርፌሊንዳ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀች። ሌላ ሙዝ ቆረሰ። ጭልፋዋን ከወለሉ አንስታ መጋረጃውን ገለጠች፤ ጎንበስ ብላ ወጣች።